የሚነቀለው ስታዲየም ቆሟል፤ የሚጫወተው ቡድን ግን ይዞራል

ዓርብ የጁምዓ ሶላት ተሰግዶ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ በዶሃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ዙሪያ ያሉ ባዶ ቦታዎች ነፍስ ይዘራሉ። በአንዱ ጥግ የደቡብ እስያ ልጆች ክሪኬት ይጫወታሉ፤ በሌላው አፍሪካውያን ድንጋይ ደርድረው ጎል ሠርተው ኳስ ያባርራሉ። ከእነዚህ መካከል ማሊያ አሠርተው፣ ለቡድናቸው ስም አውጥተው፣ በየወሩ መዋጮ እየሰበሰቡ የሚጫወቱ የሐበሻ ልጆች አሉ። ሾፌሩ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ የሆቴል አስተናጋጁ ሳምንቱን ሙሉ ለየብቻ ደክመው በዚህች ሰዓት አንድ ቡድን ይሆናሉ። በየትኛውም ሊግ አልተመዘገቡም፤ ዋንጫም አያልሙም። ተጫዋች አላቸው፣ አሠልጣኝ አላቸው፣ ዳር ቆሞ የሚሳደብ ደጋፊም አላቸው። የሌላቸው ሜዳ ነው።

ሜዳ ማጣት ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ውስጡ ለገባ ግን የቡድንን ዕድሜ የሚወስን ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት የተጫወቱበት ባዶ ቦታ በዚህ ሳምንት የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ይገኛል፤ በሚቀጥለው ደግሞ አጥር ይዞርበታል። ቡድኑ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ግማሹ ተጫዋች አዲሱን ቦታ ሳያውቀው ይቀራል፤ የመጣውም ትራንስፖርት አጥቶ ዘግይቶ ይደርሳል። በሰዓት የሚከራይ ሜዳ መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዝቅተኛው መሠረታዊ ደመወዝ 1,000 ሪያል በሆነበት አገር፣ ከዚያም ላይ ለቤተሰብ የሚልክ ሰው፣ በየሳምንቱ ለሜዳ ኪራይ የሚያዋጣው ገንዘብ ከማን አፍ እንደሚነጠቅ መገመት አያዳግትም። በአገር ቤት የልጅ ደብተር፣ የእናት መድኃኒት አለ። ስለዚህ ተጫዋቹ አንድ ሳምንት ይቀራል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ ቡድኑ ራሱ ይቀራል።

የአየሩ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በኳታር ሕግ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 (በፈረንጆቹ) ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ ከቤት ውጭ ማሠራት የተከለከለ ነው። እጅግ ተገቢ ክልከላ ነው። በዚያ ፀሐይ መሥራት ካልተቻለ መሮጥም አይቻልም። እንግዲህ በእነዚያ ወራት ኳስ መጫወት የሚቻለው ከመግሪብ በኋላ፣ ምናልባትም ከዒሻእ በኋላ ነው፤ ለዚህም ፓውዛ ያስፈልጋል። በባዶ ቦታ ላይ ፓውዛ የለም። መብራት ያለው ሜዳ የሌለው ቡድን በግማሽ ዓመት ብቻ የሚኖር ቡድን ነው ማለት ነው።

በዚሁ ከተማ፣ በራስ አቡ አቡድ የባሕር ዳርቻ፣ ከዚህ ጋር ሲያነጻጽሩት ፈገግ የሚያሰኝ ሕንጻ ቆሟል። ስታዲየም 974 የተሠራው የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነሮችን በመገጣጠም ነው፤ ስሙም ከኮንቴይነሮቹ ቁጥርና ከኳታር የስልክ መለያ ቁጥር የተወሰደ ነው። ከመጀመሪያው የታሰበው ከዓለም ዋንጫው በኋላ ተፈታትቶ እንዲነሣ ነበር። በ2022 ሰባት ጨዋታዎችን አስተናገደ፤ የመጨረሻው ብራዚል ደቡብ ኮሪያን 4 ለ 1 ያሸነፈችበት ነበር። ያን ጊዜ ዓለም የስንብት ዜናውን ጽፎለት ነበር። ስታዲየሙ ግን አልሄደም። በታኅሣሥ 2024 የሜክሲኮው ፓቹካ ከብራዚሉ ቦታፎጎ፣ ቀጥሎም ከግብጹ አል አህሊ ጋር የተጫወተው እዚያው ነው፤ በ2025 የአረብ ዋንጫም በአስተናጋጅነት ተመድቦ ነበር። እንዲንቀሳቀስ የተሠራው ጸንቶ ቆመ። መቆም የሚፈልጉት የሠራተኛ ቡድኖች ግን ከአንዱ ባዶ ቦታ ወደ ሌላው ይንከራተታሉ። ይህ ሲባል ስታዲየሙ ለምን ቆመ የሚል ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም፤ ሥራ ላይ የዋለ ሕንጻ ከፈረሰ ሕንጻ ይሻላል። ጥያቄው ከትልቁ ስታዲየም ጎን ትንሹ ሜዳ ለምን ታጣ የሚል ነው።

የራስ ሜዳ ማጣት ምን እንደሆነ ከኢትዮጵያዊ በላይ የሚያውቅ እምብዛም የለም። በ1962 (በፈረንጆቹ) የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ግብጽን በፍጻሜው 4 ለ 2 አሸንፎ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም፣ በራሱ ሕዝብ ፊት ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2022፣ ያው ቡድን ያንኑ ግብጽን 2 ለ 0 ረታ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎሎቹን ሲያስቆጥሩ ግን ሜዳው የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ካፍ የአገሪቱን ስታዲየሞች ደረጃቸውን አላሟሉም ብሎ ስላገደ፣ ኢትዮጵያ «በሜዳዋ» የምታደርገውን ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ግድ ሆኖባት ነበር። በታሪክ ከሚጠቀሱት ድሎች አንዱ እንዲህ የቤቱ ሰው ሳያየው አለፈ። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ምሽት ምን ይመስል እንደነበር መገመት የሚችል ሰው፣ በዶሃ አንድ ተራ የሠራተኛ ቡድን የራሴ የሚለው ሜዳ ቢኖረው ምን ሊሰማው እንደሚችልም ይገባዋል።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙዎች ሜዳ ይሰጠን ሲሉ ችሮታ የሚለምኑ ይመስላቸዋል፤ ጠያቂዎቹ ራሳቸውም ጭምር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ኳታር በ2018 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 17 የሠራተኞች ድጋፍና መድን ፈንድ አቋቁማለች። ፈንዱ በአብዛኛው የሚታወቀው አሠሪያቸው ደመወዝ ከልክሏቸው በሙግት ያሸነፉ ሠራተኞችን ገንዘብ በመክፈል ነው። ነገር ግን በሕጉ ከተዘረዘሩት ተግባራቱ አንዱ፣ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመተባበር ለሠራተኞች የመጫወቻ ሜዳዎችን፣ የመዝናኛ ሥፍራዎችንና መኖሪያዎችን በማዘጋጀት መሳተፍ ነው። የገቢው አንድ ምንጭም ከሠራተኞች የሥራ ፈቃድና ከእድሳቱ የሚሰበሰበው ክፍያ ነው። የመጫወቻ ሜዳ የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ሳለ፣ በጉዳዩ ላይ የሚነገረው ሁሉ በልመና ቋንቋ መሆኑ ያሳዝናል።

መንግሥት በዚህ ረገድ ምንም አልሠራም ማለትም ፍትሐዊ አይሆንም። በ2015 የተከፈተው የሠራተኞች ከተማና አጠገቡ ያለው ኤዥያን ታውን፣ ሲኒማ ቤትና የገበያ ማዕከል፣ እንዲሁም የክሪኬት ስታዲየም አላቸው። በዓለም ዋንጫው ወቅት ሠራተኞች ጨዋታዎቹን በትልቅ ስክሪን የተመለከቱት እዚያ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የኳታር ሊግ አስተዳደር በድርጅቶች መካከል የሠራተኞች ዋንጫ የሚባል ውድድር ማካሄድ ጀምሯል፤ በ2017 የወጣው «ዘ ወርከርስ ካፕ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ከጋና፣ ከኬንያ፣ ከኔፓልና ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ያሉበትን አንድ ቡድን ተከትሎ ይህን ውድድር ለዓለም አሳይቷል። መልካም ነው። ነገር ግን የዚያ ውድድር ቡድኖች የድርጅቶች ናቸው። ተጫዋቹ ሥራ ሲቀይር ቡድኑን ያጣል፤ ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ሲጨርስ ቡድኑ ይበተናል። ውድድሩም ሲያልቅ ሜዳው ይዘጋል። በ2020 በተደረገው የሕግ ማሻሻያ ሠራተኛ ያለ አሠሪው የስምምነት ደብዳቤ ሥራ መቀየር ተፈቅዶለታል። አሠሪውን መቀየር የሚችል ሰው ግን የሚጫወትበት ቡድን አሁንም የአሠሪው ከሆነ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። የሐበሻ ቡድኖች ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ የማንም ድርጅት አይደሉም፤ ሰውየው የትም ቢሠራ ዓርብ ዓርብ ይመለስባቸዋል።

ለሙስሊም አንባቢ ይህ ጉዳይ ሌላም ጎን አለው። በመዲና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ በዒድ ቀን ሐበሾች በጦር ሲጫወቱ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) በልብሳቸው ከልለው እስክትጠግብ ድረስ እንዳስመለከቷት፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ሊከለክሏቸው ጠጠር ሲያነሡ ተዋቸው እንደተባሉ የሐዲስ መዛግብት ዘግበውታል። ይህ ታሪክ በአገራችን ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ለኩራት ይጠቀሳል። ከኩራቱ ባሻገር ግን አንድ ቁም ነገር አለው፤ ከአገራቸው ርቀው ለመጡ ሰዎች የሚጫወቱበት ቦታ ተሰጣቸው፤ ያውም ከሁሉ የተከበረው ቦታ። ከዚህ እኩል የማይጠቀስ ሌላ ዘገባም አለ። በመዲና የፈረስ ውድድር ሲደረግ ለሠለጠኑት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሠኒየቱል ወዳዕ ያለው ረጅም ርቀት፣ ላልሠለጠኑት ደግሞ ከሠኒያው እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ ያለው አጭር ርቀት ተለይቶ ነበር። ያልሠለጠኑትም የራሳቸው መሮጫ ነበራቸው። ዛሬ በዶሃ ለሠለጠኑት የተዘጋጀው ከበቂ በላይ ነው።

ከሌሎች ወደ ራስ ሲመለሱ ደግሞ መራራ እውነት አለ። ሜዳው ነገ ቢፈቀድ ማን ፈርሞ ይረከበዋል? የሐበሻ ቡድኖች በመንደር፣ በክልል፣ በቋንቋ፣ አንዳንዴም በሁለት ሰዎች ጠብ ምክንያት እየተሰነጠቁ የመጡ ናቸው። አንዱ ለሌላው ዳኛ አይልክም፤ አንዱ ያዘጋጀውን ውድድር ሌላው አይካፈልም። ባለሥልጣን የሆነ አካል ደግሞ ለአሥር ቡድን አሥር ቁልፍ አይሰጥም። ለሜዳው ንጽሕና፣ ለመብራቱ፣ ለጨዋታው ሰላም ተጠያቂ የሚሆን አንድ ኮሚቴ ይፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን በ1984 በሂዩስተን የጀመሩት የስፖርት ፌዴሬሽን፣ የራሱ ቋሚ ሜዳ ሳይኖረው ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ይህን ያህል ዘመን መዝለቁ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መከፋፈል እሱንም ገጥሞታል፤ ቢሆንም ስሙን የሚፈርም አካል ሁልጊዜ ነበረው። በዶሃ ይህ ገና ነው። ኤምባሲውም በዚህ ረገድ የማስታረቅ ሚና ሊኖረው ይችላል፤ ቢያንስ ቡድኖቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለማስቀመጥ አቅም አያንሰውም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለት በር አለ። አንዱ ከላይ የተጠቀሰው ፈንድ ነው። ሌላው ወቅፍ ነው። ኳታር ውስጥ ወቅፍ ለመስጊድ ብቻ አይሰጥም፤ ለጤና፣ ለቤተሰብና ለሕፃናት፣ ለዕውቀትና ለባህል የተለዩ ዘርፎች አሉት። አንድ ባለሀብት በስሙ ሜዳ አስነጥፎ ወቅፍ ቢያደርገው፣ ያ መሬት አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ አጥር አይዞርበትም። ለተንከራታች ቡድን ከዚህ የበለጠ ዋስትና የለም። የሚጠየቀውም ስታዲየም አይደለም። አርቲፊሻል ሣር የለበሰ አንድ ሜዳ፣ አራት የፓውዛ ምሰሶ፣ ውሃ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ ውዱእ ማድረጊያና መስገጃ ጥላ፤ ከዚህ በላይ አይደለም። ክሪኬት የሚወዱትም በተራ ሊካፈሉት ይችላሉ።

ቦታው ግን በጥንቃቄ ይመረጥ። ሜትሮው በወርቃማው መስመር ራስ ቡ አቡድ ድረስ ይደርሳል፤ ሠራተኛው የሚኖርበት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ግን በአውቶቡስ የሚኖር ሠፈር ነው። ከአውቶቡስ መስመር የራቀ ውብ ሜዳ ከሚሠራ፣ ለማደሪያዎቹ የቀረበ ተራ ሜዳ ይሻላል። ሌላም የሚረሳ ወገን አለ። በባሕረ ሰላጤው ካሉት ኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ ሴቶች፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው። በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ደንግጎላቸዋል። ዕረፍቱን ያገኘችው ልጅ የምትሄድበት ከገበያ ማዕከል በቀር ምን አለ? ሜዳው ሲታቀድ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ሰዓት፣ ከዓይን የሚከልል አጥርና ከልጆች ጋር የሚቀመጡበት ጥላ አብሮ ይታሰብ፤ በኋላ ልጨምርበት የሚባል ነገር አይጨመርም።

የውጭ ጨዋታ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። ማመልከቻው በአረብኛ ተጽፎ፣ ሕግ ቁጥር 17ን ጠቅሶ፣ የሁሉንም ቡድኖች ተወካዮች ፊርማ ይዞ ከሙቀቱ ወራት በፊት መግባት አለበት። እስከዚያው በየሳምንቱ ባዶ ቦታ ፍለጋ ከሚሄደው ልጅ አንዱን፣ ኳሱን ለጓደኞቹ ትቶ ደብዳቤውን እንዲጽፍ ቡድኖቹ ቢመድቡት ጥሩ ነው።