ቁጥር የሌለው ሻንሲ

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ፓርቲ አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ አንድ የጭነት መኪና ሻንሲ ነው። ርእሱ ከፖለቲካ የራቀ የሚመስለው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ፤ እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያው ይመስለኝ ነበር።

ሻንሲው የቆመው አዳማ፣ በወላጆቻችን ግቢ፣ ቀድሞ የላም በረት በነበረውና ዛሬ ጋራዥ በምንለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። የሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። እርሱ በያጅ ነው፤ እኔ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የብረታ ብረትን ጥንካሬ የማስተምር ባለ ዶክትሬት ነኝ። እናታችን ከእንግዳ ጋር ስታስተዋውቀን «ይሄ ዶክተሩ ነው፣ ይሄ ደግሞ እንዲሁ ሥራ አለው» ትላለች። ያለ አንዳች ክፋት ነው የምትለው፤ ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ግማሹ በዚያች «እንዲሁ» ውስጥ አለ።

ወንድሜ ከመቂና ከባቱ ሽንኩርት ወደ አዳማ የምታመላልስለት ትንሽ የጭነት መኪና ፈለገ። መግዛት አልቻለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የጫነውን ለምታውቁ ምክንያቱን መዘርዘር አያሻኝም። ያገኘው ተገልብጦ ሻንሲው የተጠማዘዘ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ግን ደኅና የነበረ አሮጌ አይሱዙ ነው። የተጠማዘዘ ሻንሲ በእሳትና በጃክ አቅንቶ መንገድ ላይ ማውጣት በየጋራዡ የተለመደ ነው። እርሱ ግን «አንዴ የተጣመመ ብረት ቂም ይይዛል» ብሎ ከባዶ አዲስ ሊሠራ ተነሣ።

አራት ወር ፈጀበት። የ6 ሚሊሜትር ላሜራ አስጎብጦ ሁለቱን ረዣዥም የጎን ብረቶች አዘጋጀ፤ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጠመኔ መስመር አሠመረ፤ ከጣሪያው ቱንቢ አንጠለጠለ። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ እየለካ፣ የሁለቱ ልዩነት ከ2 ሚሊሜትር እስኪያንስ ድረስ አንዲት ነጥብ አልበየደም። 7018 የተባለው ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ከውስጥ እንደሚሰነጠቅ ለተማሪዎቼ ለዓመታት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ወንድሜ ኤሌክትሮዱን በእናታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እያደረቀ ነበር የሚበይደው። ማን አስተማረህ ብለው «ተሰንጥቆብኝ ነዋ!» አለኝ።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ገባሁበት፤ ሁለት ጊዜም ተከራከርን። አንዱን እኔ ረታሁ። የነዳጅ ታንከሩን መያዣ በጎኑ ብረት የታችኛው ከንፈር ላይ በአግድም በይዶት አገኘሁ። ጭነት ሲጫን የሚወጠረው ያ ከንፈር ነው፤ ስንጥቅም የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ብየዳ ጫፍ ነው። ስነግረው ቆርጦ ጣለውና መያዣውን ወደ ቁመቱ አዙሮ በቡሎን አሠረው። ሁለተኛውን እርሱ ረታኝ። አግዳሚዎቹን በአራቱም ጎን በይደን የጎን ብረቶቹንም እንደ ሳጥን ብንደፍናቸው ይጠነክራል ብዬ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ የመቂ መንገድ የሸራ ጠረጴዛ አይደለም፤ ሻንሲው ትንሽ ካልተጠማዘዘ ወይ ጎማው መሬት ይለቃል ወይ መጋጠሚያው ይቀደዳል» አለኝ። ልክ ነበር። የጭነት መኪና ሻንሲ በሪቬትና በቡሎን የሚያያዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው እንደሆነ መጽሐፉን ከፍቼ ማየት አላስፈለገኝም፤ አውቀው ነበር፤ ብቻ ዕውቀቴ እጄ ድረስ አልወረደም።

(በነገራችን ላይ፣ የጋራዡን ቋንቋ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ኩሽኔታ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ድል ተነሥቶ ሲወጣ ቃላቱ ቀሩ፤ ጋራዡ ይኖርባቸው ነበርና። ከዚያ ወዲህ እኛ ምሁራን ለጋራዡ ያበረከትነው አንድ ቃል እንኳ ትዝ አይለኝም።)

ሥራው ሲያልቅ አብረን ወደ ተሽከርካሪ ምዝገባ ሄድን። ሠራተኛው ትሑት ሰው ነበር፤ በደንብ አስተናገደን። «የሻንሲ ቁጥሩ የት ላይ ነው?» አለ። ወንድሜ «የለውም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» ሲል ሰውየው ስለ ብረቱ ውፍረት አልጠየቀም፤ ስለ ብየዳውም አልጠየቀም፤ ስንት ኩንታል ይጭናል እንኳ አላለም። ፋይሉን ዘጋ። ተከታትለን በተላክንባቸው መስኮቶች ሁሉ በእጅ ለተሠራ ሻንሲ የሚሞላ ቅጽ አላገኘንም። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዱ እስከ በር ሸኝቶን በወንድማዊ ድምፅ መከረን፦ «ለምን ትደክማላችሁ? ከአሮጌው ላይ ቁጥር ያለበትን ቁራጭ ቆርጣችሁ በአዲሱ ላይ በይዱት። ሊብሬው እንዳለ ነው፤ ቦሎም ያለ ችግር ታገኛላችሁ።»

እንግዲህ ፍረዱ። ወንድሜ እውነቱን ቢናገር መኪናው ከግቢ አይወጣም። አንድ የእጅ መዳፍ የምታህል ብረት በይዶ ቢዋሽ ነገ ጠዋት ሽንኩርት ይጭናል። ወረቀቱም ያ ሻንሲ ከጃፓን ፋብሪካ እንደወጣ ለዘለዓለም ይመሰክራል። በእኔ እምነት ይህ የአንድ ቢሮ ስንፍና አይደለም። መንግሥታችን የሚያውቀው አስመጪንና ቁጥርን እንጂ ሠሪን ስላልሆነ የመጣ ነው። ሠሪ የሚባል ሰው በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ የለውም።

«አንተ ዶክተር፣ በየጓሮው የተበየደ ሻንሲ መንገድ ላይ ይውጣ ልትል ነው? ስንት ሰው እያለቀ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም። ሻንሲው ተቆርጦ የረዘመ፣ ባሌስትራ የተደረበበት፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ፤ በብዙዎቹ ላይ ልጆቼን አላሳፍርም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ መኪኖች ሁሉ ቁጥር አላቸው! ሊብሬያቸው ንጹሕ ነው። የዛሬው አሠራር የሚያግደው የተበላሸውን ብየዳ ሳይሆን የታመነውን በያጅ ነው። ለደኅንነት የሚጨነቅ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ሻንሲ የት ላይ ተቆረጠ፣ ማን ቆረጠው፣ ማን አየው የሚለውን ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የምንመልሰው ደግሞ ሠሪው ሳይፈራ በግንባሩ መጥቶ ሲነግረን ብቻ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ያህል ምሥጢር አላደረገውም። በብሪታንያ አንድ ሰው በጓሮው የሠራው ተሽከርካሪ ለብቻው የሚመረመርበት ሥርዐት አለ፤ የዛሬው ዐይነት ፈተና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ፈተናውን ካለፈ የሻንሲ ቁጥር የሚሰጠው መንግሥት ራሱ ነው። ልቅም አይደሉም፤ የቀድሞ ሰሌዳውን ይዞ መቀጠል የሚፈልግ የተለወጠ መኪና ለዓመታት ቢያንስ 8 ነጥብ ማሟላት ነበረበት፣ ከዚያ ውስጥ ያልተነካ ሻንሲ ብቻውን 5 ነጥብ ይይዝ ነበር። ሞተር 1 ነጥብ ብቻ ነበር! የሻንሲን ክብደት እንዴት እንደሚያዩት ከዚህ ይታያል። በአሜሪካም ግዛቶች በቤት ለተሠራ መኪና የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጣሉ። ሁለቱም አገሮች የመኪና ፋብሪካ ሞልቷቸዋል፤ እንዲያም ሆኖ በጓሮው ለሚሠራው ሰው አንድ መስኮት ከፈቱለት። እኛ እንደ እነርሱ ፋብሪካ ሳይሞላን መስኮቱን ዘግተናል።

ንቀቱ ጥንታዊ ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በል ስንል የኖርን ሕዝብ ነን፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። ስለ ሴባስቶፖል መድፍ የማያወራ ኢትዮጵያዊ የለም። ያ ሁሉ ቶን የሚመዝን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የተጓዘበትን ሠረገላ ግን ማን ያነሣዋል? ለዚያ ሠረገላም ብረቱንና እንጨቱን ያጋጠመ እጅ ነበረው።

የእኔ ቤትም ከዚህ አይሻልም። 70/30 በተባለው ፖሊሲ ዘመን ስንት መካኒካል ኢንጂነር አስመርቀናል! የጎን ብረትን ጫና በኮምፒውተር አስልተው በቀለም የሚያሳዩኝ ተማሪዎች አሉኝ፤ ኤሌክትሮድ ጨብጠው የማያውቁ። ወንድሜን ለአንድ ቀን ወደ ወርክሾፓችን መጥቶ እንዲያሳያቸው ጠይቄ፣ የትምህርት ማስረጃው ለእንግዳ መምህርነት አይበቃም ተብዬ ተመልሻለሁ። የሚገርመው፣ ያው መንግሥት የብቃት ምዘና ፈትኖት የብየዳ የምስክር ወረቀት ሰጥቶታል። እጁን መርምሮ ብቁ ነህ አለው፤ እጁ የሠራውን ግን ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለሠሪው የሚሞላ አንድ ቅጽ፣ ብየዳውን የሚመረምር አንድ ባለሙያ፣ ጭነት ጭኖ የሚለካ አንድ ሜዳ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን መሣሪያውም ሰውም አላቸው፤ እኔ ራሴ በነፃ እመጣለሁ። ያለፈው ቁጥር ይቀረጽለት፣ የሠሪው ስም ከጎኑ ይጻፍ፤ የወደቀውን ደግሞ ዐይናችን እያየ እንቁረጠው።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ። የሽንኩርቱ ወቅት ደርሷል፤ ለብረቱ የተበደረውን ገንዘብ የሚጠይቁት ሰዎችም በር በር እያሉ ነው። ግራይንደሩን አሮጌው ሻንሲ አጠገብ አዘጋጅቶ አስቀምጦታል። «አንተ ነህ የተማርከው፤ ቁረጥ ካልከኝ ቅዳሜ እቆርጣለሁ፣ ተው ካልከኝ እተዋለሁ» አለኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እስካሁን አልመለስኩለትም።