ውሻው ሲመለስ በር የሚከፍተው ማነው?

በቴክሳስ የገጠር ከተሞች በገበያ አካባቢ ቆም ካለ ፒክአፕ መኪና ላይ ነጫጭ ቡችሎች በነጻ ወይም በጥቂት ዶላር ሲታደሉ ማየት የተለመደ ነው። ቡችላው የጥጥ ባዘቶ ይመስላል፤ ልጅ ያስከተለ ሰው አይቶ ማለፍ ይከብደዋል። ዓመት ሲሞላው ግን ያ ባዘቶ 45 ኪሎ የሚመዝን፣ ሌሊቱን የሚጮህ፣ አጥር አልፎ ሰፈሩን ሁሉ እንደ ግዛቱ የሚዞር ውሻ ይሆናል። ያን ጊዜ ቡችላውን የሰጠው ሰው የለም። ስልኩም አይነሳም።

ውሻው ግሬት ፒሬኒስ ይባላል። መነሻው ፈረንሳይንና ስፔንን የሚለየው የፒሬኒስ ተራራ ሲሆን የዘመናት ሙያውም አንድ ነው፤ በጎችን ከተኩላና ከድብ መጠበቅ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ1933 መዝግቦታል። ወደ እርሻ በብዛት የገባው ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፌዴራል መሬት ላይ አውሬን በመርዝ መግደልን ሲያግዱ፣ በግ አርቢው ኮዮት የሚባለውን ቀበሮ መሰል አውሬ የሚከላከልበት ሌላ ዘዴ ያስፈልገው ነበር። በማሳቹሴትስ የሃምፕሻየር ኮሌጅ ተመራማሪዎቹ ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር በዚያው አስርት ዓመት የመንጋ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች እየሰጡ ውጤታቸውን ማጥናት ጀመሩ። ውሾቹ ሥራቸውን አስመሰከሩ። ዛሬ በጎችና ፍየሎች ከሁሉም በላይ የሚበዙባት የአሜሪካ ግዛት ቴክሳስ ናት፤ ነጩ ውሻም ከመንጋው ጋር አብሮ በዛ።

ችግሩም ከመብዛቱ ይጀምራል። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው፤ ትልቅ ዝርያ ደግሞ በአንድ ጊዜ 8 እና ከዚያም በላይ ቡችላ ሊወልድ ይችላል። አንድ መካከለኛ እርሻ ግን በጥቂት ጠባቂዎች ይበቃዋል። የተረፈው ወደ ከተማ ይወርዳል። በእርሻ ላይ ሙያ የነበረው ባህሪም ከተማ ሲገባ ጥፋት ይሆናል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለዚህ ውሻ አይሠራም። እሱ አውሬው ሳይደርስ በፊት ጮኾ እንዲያባርር የተመረጠ ነው። እርሻ ላይ ሲጮህ የሚያመሰግነው ገበሬ አለ፤ በዳላስ ወይም በሂዩስተን ዳርቻ ሲጮህ ግን ጎረቤት ማዘጋጃ ቤት ይደውላል። እረኛ ሳያዘው በራሱ ውሳኔ እንዲሠራ ለትውልዶች የተዳቀለ በመሆኑም «ና» ሲሉት መጀመሪያ ያስባል። ባለቤቱ ይሰለቻል፤ ውሻው ወደ ማዘጋጃ ቤት መጠለያ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ትልቅ ውሻ ሰፊ ክፍል ይይዛል። ቦታ ሲጠብ ዕጣው የሚወድቅበት ማን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም።

ለእነዚህ ዝርያዎች የቆሙት የነፍስ አድን ድርጅቶች የሚገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ብዙዎቹ ህንጻ የላቸውም። ከግብር ነጻ ሆነው የተመዘገቡ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀሱ ማኅበራት ናቸው፤ ሀብታቸው የሰው ሳሎንና የሰው ጓሮ ነው። መጠለያው «አንድ ፒሬኒስ ገብቷል፣ ቀን ቀርቦበታል» ሲል ጥሪው በስልክ ይዞራል። አንዱ ሄዶ ያየዋል፣ ሌላው በመኪናው ያመጣዋል፣ ሦስተኛው ጊዜያዊ አሳዳጊ ሆኖ ቤቱን ይከፍታል። አሳዳጊ ቤት ካልተገኘ ውሻው አይወጣም። የጠቅላላው ሥርዓት ቁልፍ ይህ ነው፤ የሚድነው የውሻ ቁጥር ከተገኘው ቤት ቁጥር አይበልጥም።

ከዚያ ሐኪም ቤት አለ። ክትባት፣ ማምከን፣ ማይክሮቺፕ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የልብ ትል ምርመራ። ይህ ትል በወባ ትንኝ ዘመዶች ንክሻ ይተላለፋል፤ ሙቀትና እርጥበት በሚበዛበት በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ደጅ ያደረ ውሻ በቀላሉ ይይዘዋል። ሕክምናው በተለምዶ 3 መርፌ ነው፤ አንዱ መጀመሪያ፣ ሁለቱ ከወር በኋላ በተከታታይ ቀናት። የሞተው ትል የሳንባን ደም ሥር እንዳይዘጋ ውሻው ለወራት ሳይሮጥ፣ ሳይዘል መቀመጥ አለበት። መድኃኒቱ በክብደት የሚሰላ ስለሆነ የትልቅ ውሻ ወጪ ከ1,000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። አዲሱ ባለቤት የሚከፍለው ጥቂት መቶ ዶላር ይህን አይሸፍንም። ልዩነቱ የሚሞላው በመዋጮ ነው።

አሳዳጊው ቤተሰብ የሚሰጠው ግን ከምግብና ከመኝታ ይበልጣል። በብረት ፍርግርግ ውስጥ የተቀመጠ ውሻ የሚያሳየው ፍርሃቱን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሲኖር እውነተኛ ጠባዩ ይወጣል። ድመት ያሳድዳል? ከልጅ ጋር ምን ይመስላል? ምግቡን ሲነኩበት ያጉረመርማል? በር ሲከፈት ይሾልካል? አሳዳጊው ያየውን ይጽፋል፤ ጉድለቱንም ሳይደብቅ። ውሻውን የሚፈልገው ሰው የሚያነበው ይህንኑ ነው።

በእነዚህ ድርጅቶች ላይ የሚቀርበው ትልቁ ወቀሳ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አመልካቹ ስለ አጥሩ ቁመት፣ ስለ ሥራ ሰዓቱ፣ ስለ ቀድሞ ውሾቹ ይጠየቃል። ሐኪሙ ይደወልለታል፣ ተከራይ ከሆነ የአከራዩ ፈቃድ ይታያል፣ ቤቱ ይጎበኛል። «ለቪዛ እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅንም» የሚሉ አሉ። ውሻ በየመጠለያው እየሞተ ይህን ያህል ማጥበቅ ለምን?

ወቀሳው መልስ የሚገባው ነው። አንዳንዱ ድርጅት በእርግጥ ያበዛዋል፤ ጥሩ ሰው በቅጽ ብዛት ተማርሮ ወደ ነጻው ቡችላ ይመለሳል። ነገር ግን ጥያቄው ለክብር ሲባል የሚጠየቅ አይደለም። በማይስማማው ቤት የገባ የ45 ኪሎ ውሻ ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ውሻ ሊድንበት የነበረውን አሳዳጊ ቤት ይይዛል። አንድ የተሳሳተ «እሺ» ዋጋው ሁለት ውሻ ነው። ስለዚህ አጥሩን መለካት ጭካኔ አይደለም፣ ሒሳብ ነው።

ሌላም ፈተና አለ። አሳዳጊው ከውሻው ጋር ተላምዶ ራሱ ሲያስቀረው ሁሉም ይደሰታል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያ ቤት ለሚቀጥለው ውሻ ይዘጋል። በየቀኑ የሚመጣው የሞት ቀጠሮ ዝርዝርም በጎ ፈቃደኛውን ያደክመዋል። ሁሉንም ልርዳ ብሎ ከአቅሙ በላይ የሰበሰበ ሰው በመጨረሻ ራሱ የሚታደጉት ሰው ይሆናል። «ዛሬ ቦታ የለንም» ማለት የሚችል ድርጅት ነው ነገም የሚገኘው።

ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ ግን ትልቁ ቁም ነገር ያለው በውሉ መጨረሻ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ድርጅቶች ውል ውሻው በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ምክንያት አልሆን ካለ ለሌላ እንዳይሰጥና ወደ ድርጅቱ እንዲመለስ ያዛል። ከ5 ዓመት በኋላ ባለቤቱ ቢታመም፣ ቢፋታ፣ ቤቱን ቢያጣ በር የሚከፍት አለ። ውሻውን ያልወለዱት፣ ከእሱም ያላተረፉት ሰዎች ለዕድሜ ልኩ ይፈርሙለታል። እንዲወለድ ያደረገውና የሸጠው ግን በአንድም ወረቀት አይያዝም። ፍርደ ገምድልነቱ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ማስተካከል ይቻላል። ናሚቢያ ውስጥ የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 ጀምሮ የመንጋ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች ይሰጣል፤ ገበሬው በጎቹ ሲጠበቁለት አቦሸማኔ አይገድልም። ድርጅቱ ቡችላውን ሰጥቶ አይጠፋም፤ እየተከታተለ ውሻው እንዴት እንደያዘ ያያል። ውሻ መስጠትና ኃላፊነት መውሰድ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

የቴክሳስ አርቢም ተመሳሳይ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። የሚሸጠው ወይም የሚሰጠው እያንዳንዱ ቡችላ በስሙ የተመዘገበ ማይክሮቺፕ ይኑረው፤ ውሻው መጠለያ ሲገባ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ይሁን። ለእርባታ የማይፈለግ የሥራ ውሻም ይምከን። ማምከን የጥበቃ ባህሪውን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ጓደኛ ፍለጋ ከመንጋው ርቆ መዞሩን ይቀንሳል።

ገበሬው የሚያነሳው ቅሬታም አለ፤ ሐኪሙ ሩቅ ነው፣ ዋጋው ውድ ነው፣ የበግ ትርፍ ቀጭን ነው። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ተንቀሳቃሽ የማምከኛ ክሊኒክ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስፈልገው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ለመጠለያና ለመግደያ ማውጣቱ አልቀረም፤ ያው ገንዘብ ቀድሞ ቢወጣ ያነሰ ውሻ ይሞታል። አለበለዚያ የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የከፋው፣ አርቢው «የሚያነሳ አይጠፋም» ብሎ እንዲዘናጋ ያደርገዋል።

በዳላስና በሂዩስተን ዙሪያ ለሚኖሩ የሐበሻ ቤተሰቦችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ግቢ የሚጠብቅ ትልቅ ውሻ አገር ቤት የለመዱት ነገር ነው፤ ነጻ ሲገኝ ደግሞ ያጓጓል። ነገር ግን ብዙ የአፓርታማ ውሎች የውሻ ክብደት ይገድባሉ፣ የሌሊት ጩኸትም ቅጣት ያመጣል። ልጆች ቡችላ ይዘው «እናሳድገው» ሲሉ ከስሙና ከዋጋው በፊት ሰጪው አንድ ነገር ቢጠየቅ ይበቃል፤ «አልሆን ቢለን መልሰህ ትወስደዋለህ?» መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ የዚያ ውሻ ቀጣይ ቤት የት እንደሆነ ከወዲሁ የታወቀ ነው።