ዝም ያለ ምስክር

ከመኪና መሪ ፊት የተተከለው የመለኪያ ሰሌዳ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ ነጂው በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን የሞተሩን ሁኔታ እንዲነግረው የቆመ ምስክር ነው። ነገር ግን ምስክሩ ዝም ባለ ጊዜ ሁሉ ነገሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ለዚህ ቮልስ እየተባለ የሚጠራው አሮጌው ቮልስዋገን መልካም ምሳሌ ይሆነናል። የዚህ መኪና የመጨረሻው በሜክሲኮ የተሠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ዛሬ የሚነዳው ሁሉ ያረጀ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ማራገቢያው በዲናሞው ዘንግ ላይ የተተከለ በመሆኑ ሁለቱን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። በሰሌዳው ላይ የሙቀት መለኪያ ስለሌለም፥ ቺንጋው ሲበጠስ ነጂውን የሚያስጠነቅቀው ቀዩ የዲናሞ መብራት ነው። ይህን አይቶ «የባትሪ ነገር ነው፤ ከቤት ያደርሰኛል» እያለ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ለማቃጠል ይቸኩላል። መብራቱ አስቸገረኝ ብሎ አምፑሉን የሚያስነቅል ደግሞ፥ ሌባ መጣ ብሎ የጮኸውን ዘበኛ እንደሚያሰናብት ባለቤት ነው።

ስለዚህ ቍልፉ ተዙሮ ሞተሩ ሳይነሣ የዲናሞውና የዘይቱ መብራት መብራታቸውን፥ ሞተሩ ከተነሣም በኋላ መጥፋታቸውን በየማለዳው መመልከት ይገባል። አስቀድሞ ያልበራ መብራት በጭንቅ ጊዜ አይናገርም።

ጥገናውም ሥርዓት አለው። የፍጥነት መለኪያው የቆመ እንደ ሆነ ሰሌዳውን ለመንቀል መቸኰል አይገባም። መለኪያውን የሚያዞረው ገመድ የሚነሣው ከፊተኛው የግራ ጎማ ስለ ሆነ፥ መጀመሪያ በጎማው ክዳን ላይ ገመዱን የያዘችው ትንሽ መቈለፊያ፥ ቀጥሎ ገመዱ፥ በመጨረሻም መለኪያው ይመርመር። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መለኪያዎችና መብራቶች ባንድነት ቢቆሙ፥ ሁሉም ባንድ ቀን ተበላሹ ከማለት ይልቅ የጋራቸው የሆነውን ፊውዝና ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን ማሳ መፈተሽ ይሻላል። እጅ ከሰሌዳው ሽቦ ሳይደርስ ባትሪው ይፈታ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የኪሎ ሜትር ቈጣሪው ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ቍጥሩ አምስት ቤት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከ99,999 በኋላ እንደ ገና ከዜሮ ይጀምራል። መለኪያውም በሌላ ሲለወጥ የሌላ መኪና መንገድ ይዞ ይመጣል። ቤንዚን በኪሎ ሜትር በሚታደልበት መሥሪያ ቤት ቈጣሪው ከቆመ ወይም በዝምታ ከተለወጠ፥ መዝገቡ ሒሳብ መሆኑ ቀርቶ ግምት ይሆናል፤ ገዢም ያለ ጥፋቱ ይታለላል። እንግዲህ ጠጋኙ የቀድሞውን ቍጥር፥ የአዲሱን ቍጥርና ቀኑን በመኪናው መዝገብ ጽፎ ይፈርም፤ ኀላፊውም ያለዚህ ጽሑፍ ሥራውን አይረከብ። ይህ ከጥቂት ቀለም በቀር የሚያስወጣው ገንዘብ የለም፤ የሚያተርፈው ግን መተማመንን ነው።