በሮቢት ሜዳ ባትሪን በጄኔራተር ስለ መሙላት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ እየበዙ መታየታቸው የታወቀ ነው። ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ ከማቃጠል ይልቅ ከገዛ ወንዝ በተገኘ ኃይል መሄድ የሚሻል ስለ መሆኑ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት መሆኑ ከተነገረ በኋላ የብዙ ሰው ተስፋ ጨምሯል። ነገር ግን ኃይሉ ከግድቡ መፍለቁ አንድ ነገር ነው፤ ያው ኃይል በቈላ አገር ቆሞ ከሚጠብቀው መኪና አፍ መድረሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ የሮቢት አገር ጥሩ ምስክር ይሆናል። ሮቢት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያታል፤ ዙሪያዋም የሆርማትና የጎሊና ወንዞች የሚያጠጡት የራያ ሜዳ ነው። አውራው መንገድ የመብራት ሽቦ ቢኖረውም ከመንገዱ ወጣ ያለው የገጠር ቀበሌ ሁሉ ሽቦ ያለው አይደለም፤ ሽቦ ያለውም ቢሆን ኃይሉን ሁልጊዜ አያገኝም። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን በያዘበት ጊዜ መሥመሩ ተሰብሮ ሕዝቡ ወራት ያህል በጨለማ ተቀምጧል፤ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ወደ ቆቦ ተመልሶ መጥቷል። በዚያ ወራት እህል የሚያስፈጭ፥ ስልክ የሚሞላ፥ መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው በጄኔራተር ላይ ነበር።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለ አገር የኤሌክትሪክ መኪና ወይም የኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚመድብ ባለሥልጣን፥ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ አስቦ፥ አስቀድሞ ተቀምጦ ሒሳቡን ሊያወጣ ይገባዋል። ሒሳቡም ከባድ አይደለም። 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢበላ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ባትሪው ሲሞላ ግን ከመቶ 10 ያህሉ በመንገድ ስለሚባክን ጄኔራተሩ 44 ኪሎዋት ሰዓት መስጠት አለበት። ትንሽ የናፍጣ ጄኔራተር ከአንድ ሊትር የሚያወጣው ኃይል 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነውና 15 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህም በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ይሆናል። አንዲት ቍጥብ የነዳጅ መኪና ከዚህ ብዙ አብልጣ አትጠጣም። ስለዚህ በጄኔራተር የሚሞላ የኤሌክትሪክ መኪና ነዳጅ አልባ ነው ብሎ መናገር ራስን ማታለል ነው፤ ነዳጁ ከመኪናው ወጥቶ ከመኪናው አጠገብ ተቀመጠ እንጂ አልቀረም።

ይህን መናገር ጄኔራተርን ለመንቀፍ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ እንድትደርስ የሚያደርግ 15 ሊትር ናፍጣ ውድ ነው የሚል ሰው አይኖርም። ክርክሩ ጄኔራተሩ የመከራ ቀን መጠጊያ ነው ወይስ የዘወትር ቀለብ ሰጪ በሚለው ላይ ነው። መጠጊያ ከሆነ ይበጃል፤ የዘወትር ከሆነ ግን በነዳጅ መኪና መቆየቱ ይሻል ነበር።

ጊዜም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ከመኪናው ጋር በሚመጣው ትንሽ ቻርጀር፥ ማለት በ220 ቮልት 10 አምፔር በሚስበው፥ ያን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 20 ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰዓት ያስሞላ ሰው የሚያገኘው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወልድያም ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አራት ሰዓት ሞልቶ መነሣት እንኳ የሚያስተማምን አይደለም። በመመለሻው ቍልቍለት መኪናው ጥቂት ኃይል መልሶ ያገኛል፤ አቀበቱን የሚወጣው ግን አስቀድሞ በሞላው ነው። 7 ኪሎዋት የሚስብ ቻርጀር ያለው እንደ ሆነ ሥራው በስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ነገር ግን ጄኔራተሩ ለዚያ የሚበቃ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። በጄኔራተሩ ጎን 10 ኪሎ ቮልት አምፔር ተብሎ የተጻፈው ቍጥር በባሕር ወለል አጠገብ የተለካ ነው፤ በሥራም ጊዜ የሚሰጠው 8 ኪሎዋት ያህል ነው። አየር የሚያስገባ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ ከመቶ 10 ያህል ያጣል። ቆላ የሚባለው የቆቦ ሜዳ እንኳ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ላይ የራያ የቀትር ሙቀት ሲጨመር 8 ኪሎዋት የተባለው ከ7 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለ7 ኪሎዋት ቻርጀር ቢያንስ 12፥ ይልቁንም 15 ኪሎ ቮልት አምፔር መግዛት ጥንቃቄ እንጂ ማባከን አይደለም። ነገር ግን ትልቅ ሁሉ መልካም አይደለም። 30 ወይም 40 ኪሎ ቮልት አምፔር ያለውን ጄኔራተር ለአንዲት ትንሽ ቻርጀር ብቻ የሚያስነሣ ሰው ነዳጁን በከንቱ ያፈስሳል። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ሢሶ በታች ተጭኖት ብዙ ሰዓት ሲሠራ ያልተቃጠለ ናፍጣ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ውስጡም በጥላሸት ይዘጋል።

በዚህ ምክንያት የቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጕድጓዶች ልዩ አሳብ ይገባቸዋል። ሽንኵርትና ቲማቲም የሚያጠጡት ፓምፖች በጄኔራተር በሚሠሩበት ስፍራ ሞተሩ ለውኃው ሲል አስቀድሞ ተነሥቷል። ከፓምፑ የሚተርፍ ኃይል ካለ ባትሪውን በዚያው ሰዓት መሙላት ለብቻው ሌላ ሞተር ከማስነሣት እጅግ ይረክሳል። ደንቡ ግን ይጠበቅ። ፓምፕ ሲነሣ ብዙ እጥፍ ኃይል በአንድ ጊዜ ስለሚስብ ቮልቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ይሞቅ፥ ከዚያ ፓምፑ ይነሣ፥ ቻርጀሩም በኋላ ይሰካ። ሲዘጋም ቻርጀሩ አስቀድሞ ይነቀል። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ተንተባትቦ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሠራተኛ ቻርጀሩን ለአደጋ ያጋልጣል።

በባጃጅና በጤና ጣቢያ የሚገኘው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሌላ ጠባይ አለው። እስከ ከመቶ 80 ድረስ ፈጥኖ ይሞላል፤ የቀረው 20 ግን ብዙ ሰዓት ይወስዳል፥ የሚስበውም ኃይል እየመነመነ ይሄዳል። ለዚያ ቅሪት ጄኔራተርን ማዞር ሻማ ለማብራት ደመራ እንደ መለኰስ ነው። በማለዳ በጄኔራተር ጀምሮ የቀረውን ለፀሐይ ሰሌዳ መተው ይሻላል፤ በራያ ሜዳ ላይ ፀሐይ አልጎደለችምና። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በቀትር ሐሩር ከመሞላት ይልቅ በጥላ ወይም ወደ ማታ ቢሞላ ዕድሜው ይረዝማል።

ካህናትንም የሚመለከት ነገር አለ። በገጠር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ለክብረ በዓል ድምፅ ማጉሊያ ጄኔራተር አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ምእመናን ስልካቸውንና ባትሪያቸውን ይዘው ወደዚያው ይመጣሉ። ይህ ምጽዋት ነው፤ ሆኖም ሌባን ወይም ዝናብን በመፍራት ጄኔራተሩን በዕቃ ቤት ዘግቶ ማስነሣት ሞትን መጥራት ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ፍም አቅፈው ተኝተው የቀሩትን የገደለው እርሱ ነው። ከቤት ውጭ፥ ከመስኮትና ከበር የራቀ፥ ከላዩ ጣራ ብቻ ያለው ዳስ ይበቃል። ይህን በዐውደ ምሕረት አንድ ጊዜ መናገር ብዙ ማስታወቂያ ከመለጠፍ ይበልጣል።

ከዚህ ሌላ የመሬት ሽቦ ነገር አለ። የመኪና ቻርጀር ጄኔራተሩ ወደ መሬት የተቀበረ ሽቦ ከሌለው አልሞላም ብሎ ቀይ መብራት ያሳያል። አንዳንድ ሾፌር ይህን እንደ ብልሽት ቈጥሮ በብልሃት ሊያታልለው ይሞክራል። መሣሪያው እምቢ ያለው ግን የመኪናውን አካል የሚነካ ሰው እንዳይመታ ነው፤ መፍትሔውም የመዳብ ዘንግ በርጥብ መሬት ቀብሮ በባለሙያ እጅ ማገናኘት ነው።

በጀሪካንና በበርሜል የሚቀዳ ነዳጅ ቍጥጥር ያለበት ስለ ሆነ፥ መኪና የተቀበለ የወረዳ መሥሪያ ቤት የጄኔራተሩን የነዳጅ ፈቃድ መኪናው ከመድረሱ በፊት ይጠይቅ፤ መዝገብም ይክፈት። በመዝገቡ ላይ ሞተሩ የተነሣበት ሰዓት፥ የገባው ሊትር፥ ባትሪው የያዘው መጠንና መኪናው የሄደው ኪሎ ሜትር በየቀኑ ይጻፍ። ሦስት ወር የተጻፈ መዝገብ በእጁ ያለ ሹም፥ ለሮቢት የሚያስፈልጋት ሁለተኛ ጄኔራተር ይሁን፥ የፀሐይ ሰሌዳ ይሁን፥ ወይም የነዳጅ መኪናው ለጥቂት ዓመት እንዲቆይላት ይሁን፥ ለበላይ አካል በቍጥር ሊያስረዳ ይችላል።