ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ፦ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚው ጉዞና የተቋማት ኃላፊነት

የአርሲ ዞን ዋና ከተማ አሰላ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። የአርሲ ደጋ ደራርቱ ቱሉን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሳሰሉ ስመ ጥር አትሌቶችን ያፈራ በመሆኑ ስሙ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው የሯጮቹ ብርታት ነው። ይሁንና በዚሁ ደጋ በእግራቸው መጓዝ የማይችሉ፣ ኑሯቸውንና ጉዳያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር (ዊልቸር) ላይ ሆነው የሚመሩ ዜጎችም ይኖራሉ። እነዚህ ዜጎች ለሕክምና፣ ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ለሥራ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ሲኖርባቸው የሚያጋጥማቸው ችግር የትራንስፖርት ዘርፉን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመለከት ነው።

ጉዳዩን በግልጽ ለመረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። አንድ የአሰላ ነዋሪ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ መሐል ከተማ ቀጠሮ አለው እንበል። በእግሩ መሄድ ለሚችል ሰው የጉዞው ዕቅድ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፤ በስንት ሰዓት ልነሣ? የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚው ግን ስድስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ መመለስ አለበት። ከቤቱ እስከ መናኸሪያ በምን ይደርሳል? መናኸሪያው ውስጥ ማን ያሳፍረዋል? ወንበሩስ የት ይጫናል? አዲስ አበባ ሲደርስ ከመናኸሪያው ወደ ከተማው በምን ይገባል? ከሚወርድበት ጣቢያ ወደ መንገዱ እንዴት ይወጣል? በመጨረሻም የሚሄድበት ቢሮ ደረጃ ስንት ነው?

ከእነዚህ ስድስት ማያያዣዎች አንዱ ብቻ ከተበጠሰ የቀሩት አምስቱ ዋጋ አይኖራቸውም። ለአብነት እያንዳንዱ ማያያዣ ከአሥር ቀን ዘጠኙን በአግባቡ ይሠራል ብንል፣ የአንዱ መበላሸት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ በቀር፣ ጉዞው ከዳር እስከ ዳር የሚሳካው ከሁለት ቀን በአንዱ ብቻ እንደሆነ ስሌቱ ያሳያል። የየተቋሙ ሪፖርት በተናጠል ሲታይ መልካም ሆኖ ሳለ የተገልጋዩ ቅሬታ የማይቀንስበት ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ተቋማት የሚለኩት የየራሳቸውን ማያያዣ ሲሆን ተጓዡ የሚለካው ሰንሰለቱን ነው።

የመጀመሪያው ማያያዣ የሰፈር መንገድ ነው። አሰላ በተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ በመሆኗ ሽቅብና ቁልቁለቱ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃውና የጎርፍ መውረጃ ቦዩ ለተሽከርካሪ ወንበር አመቺ አይደሉም። በከተማዋ የሚሠሩት ባጃጅና ጋሪ ለአብዛኛው ነዋሪ ባለውለታ ቢሆኑም ሁለቱም ተጠቃሚውን ከወንበሩ ለይተው የሚያጓጉዙ ናቸው። ሰውየው በሰዎች ድጋፍ ይሣፈራል፤ ወንበሩም ተጣጥፎ ከጎኑ ይጫናል። የማይታጠፍ ወንበር ያለው ሰው ሌላ መላ መፈለግ ይኖርበታል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ማያያዣ መናኸሪያውና ተሽከርካሪው ናቸው። ከአሰላ ወደ አዳማና አዲስ አበባ የሚመላለሱት ሚኒባሶችና ቅጥቅጥ አውቶቡሶች ወለላቸው ከፍ ያለ፣ በራቸው የጠበበና መተላለፊያቸው በመቀመጫ የተሞላ ነው። ተጓዡ በረዳቱና በመንገደኞች ሸክም ይገባል፤ ወንበሩ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ለወንበሩ እንደ ጭነት ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅም በአካል ጉዳተኞች ዘንድ የተለመደ ቅሬታ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የወገኖቻችን የመረዳዳት ባህል የሚያስመሰግን ቢሆንም የሕዝብ አገልግሎት በበጎ ፈቃደኞች ጫንቃ ላይ ሊመሠረት እንደማይገባ ነው። በየጉዞው መሸከም ለተጓዡ የክብርም የደህንነትም ጥያቄ ነው።

መንገዱ ራሱ ባለፉት ዓመታት ተሻሽሏል። ለትራፊክ ክፍት የሆነውና 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ - አዳማ የክፍያ ፍጥነት መንገድ የጉዞውን ሰዓት በእጅጉ አሳጥሯል። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚው ግን የተሻሻለው በተሽከርካሪው ውስጥ ሆኖ የሚያሳልፈው ጊዜ ነው። ለመሣፈርና ለመውረድ የሚፈጀው ጊዜና ድካም ባለበት ቀርቷል። የመሠረተ ልማት ጥቅም በሁሉም ዜጋ ዘንድ እኩል የሚደርሰው ወደ መሠረተ ልማቱ የሚያስገባው በርም አብሮ ሲከፈት ነው።

አራተኛውና አምስተኛው ማያያዣ በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ያሉ ናቸው። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍንና 39 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን የሰሜን - ደቡብ መስመሩ ከቃሊቲ ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ይዘልቃል። ባቡሮቹ አብዛኛው ክፍላቸው ዝቅተኛ ወለል ያለው በመሆኑ ከጣቢያው መድረክ ወደ ባቡሩ መግባት ከሚኒባስ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ይቀላል። ከዲዛይን አኳያ ሲታይ በሀገራችን የሕዝብ ትራንስፖርት ታሪክ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የቀረበ አማራጭ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁንና ሁለቱ መስመሮች በጋራ የሚጠቀሙባቸው አምስት ጣቢያዎች፣ ማለትም ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ፣ ከመንገዱ በላይ በድልድይ ላይ የተሠሩ ናቸው። ከእነዚህ ጣቢያዎች ወደ መንገድ ለመውረድ ሊፍት የግድ ያስፈልጋል። የጣቢያዎቹ ሊፍቶችና ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች በተለያዩ ጊዜያት ከአገልግሎት ውጪ ሆነው መቆየታቸው ተደጋግሞ ተዘግቧል። በመለዋወጫ እጥረት ሳቢያም ከተገዙት 41 ባቡሮች ከፊሎቹ ከሥራ ውጪ ሆነው በመቆየታቸው መጨናነቅ አጋጥሟል። በሊፍት ብልሽት ጊዜ ሌላው መንገደኛ ደረጃውን ይወርዳል። የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚው ግን ወደ መጣበት ከመመለስ ወይም ሰው ከመለመን ሌላ ምርጫ የለውም። ከሁሉ የሚከፋው ብልሽቱን የሚያውቀው እዚያው ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። አሰላ ሳለ ቢያውቅ ኖሮ በመሬት ላይ ካሉት ጣቢያዎች በአንዱ ወርዶ ቀሪውን በታክሲ ለመጓዝ ያቅድ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው ሊፍቱን መጠገን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሊፍቱ የማይሠራ መሆኑን በየማለዳው ማሳወቅ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ስድስተኛው ማያያዣ የቢሮው ደጃፍ ነው። ተጓዡ 175 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ከመጣ በኋላ በአራት ደረጃ ምክንያት ሊቆም ይችላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያለው የተዳፋት መወጣጫ (ራምፕ) ልኬት አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። ይህም ማለት እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ደረጃዎች 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስላላቸው የ7 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋቸዋል። ይኸው ከፍታ በ2 ሜትር መወጣጫ ቢሠራ ወንበሩን ወደ ኋላ የሚገለብጥ ዳገት ይሆናል። በሪፖርት ላይ “መወጣጫ ተሠርቷል” የሚለው ዐረፍተ ነገር ልኬቱ ካልተጠቀሰ ምንም አያረጋግጥም።

የሕግ ማዕቀፍን በተመለከተ ሀገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲመድብ ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አስገዳጅ አድርጎ ነበር። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀች ሲሆን የስምምነቱ አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን፣ ሕንፃንና መረጃን በአንድነት የተደራሽነት ግዴታ ሥር አካቷል። ስለሆነም ክፍተቱ በአብዛኛው የሕግ ሳይሆን የአፈጻጸም ነው።

ለአፈጻጸሙ መላላት አንዱ ምክንያት የተገልጋዩ ቁጥር አነስተኛ ተደርጎ መታየቱ ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያሳየው የአካል ጉዳተኞች ቁጥር ከ800 ሺህ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ 1 ነጥብ 1 በመቶ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ግን ለኢትዮጵያ 17 ነጥብ 6 በመቶ የሚል ግምት አስቀምጧል። የልዩነቱ ዋነኛ መንስዔ የአጠያየቅ ስልት ነው። “በቤቱ አካል ጉዳተኛ አለ?” ተብሎ ሲጠየቅና “ለመራመድ፣ ለማየት፣ ለመስማት ይቸገራሉ?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ አንድ አይደለም። በመወጣጫ የሚጠቀሙት ደግሞ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ብቻ ሳይሆኑ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ዕቃ የተሸከሙና ለጊዜው የተጎዱ ሁሉ ናቸው።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮም ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 ዐሥራ ዘጠኝ አካል ጉዳተኞች አውቶቡሶችን በማስቆም ያነሡት ጥያቄ በ1990 ለወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መንገድ ከጠረጉት ክስተቶች አንዱ ነው። የብራዚሏ ኩሪቲባ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 ሌላ ዘዴ ተከትላለች። አውቶቡሶቹን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ ጣቢያዎቹን ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ከፍ አደረገች። በጎረቤታችን ምሥራቅ አፍሪካም ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ባስጀመረችው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ከመድረክ ወደ አውቶቡስ ደረጃ ሳይወጡ መግባት የሚያስችል አሠራር ዘርግታለች።

የኩሪቲባ ሐሳብ ለአሰላ ዓይነት ከተማ የሚበጅ ቁም ነገር አለው። በመናኸሪያው የሚስተናገዱትን ሚኒባሶች በሙሉ መለወጥ በአጭር ጊዜ የሚቻል አይደለም። የሚኒባስ ወለል እንደ ዓይነቱ ቢለያይም ከመሬት ያለው ከፍታ በግርድፉ ግማሽ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በመናኸሪያው አንድ ጥግ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት መድረክና 6 ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ቢሠራ ተጓዡ ከነወንበሩ እስከ ተሽከርካሪው በር ይደርሳል። ከወንበሩ ወደ መቀመጫ መሸጋገሩም ከመሬት ተነሥቶ ከመሸከም የተለየ ነገር ይሆናል። አንድ መድረክ ለሁሉም ተሽከርካሪዎች በየተራ ያገለግላል። ሥራው በከተማ አስተዳደር ደረጃ ሊከናወን የሚችል እንጂ የፌዴራል በጀት የሚጠበቅበት አይደለም።

አሰላ መነሻ ብቻ ሳትሆን መድረሻም መሆኗ መዘንጋት የለበትም። የአርሲ ዩኒቨርሲቲና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ፣ የዞን መሥሪያ ቤቶችና ፍርድ ቤቱ ከበቆጂ፣ ከሳጉሬ፣ ከኢተያና ከሌሎች ወረዳዎች ተገልጋዮችን ይስባሉ። ከበቆጂ 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለሚመጣ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ አሰላ ማለት ለአሰላው ነዋሪ አዲስ አበባ ማለት እንደሆነው ናት። በመሆኑም የአሰላ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ቢሮዎች የሚጠብቀውን መስተንግዶ ለበቆጂው ተገልጋይ መስጠት ይኖርበታል።

ታዲያ ከየመሥሪያ ቤቱ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ የሥራ ኃላፊ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ተውሶ፣ ተጠቃሚ የሆነ ሰው በተገኘበት፣ ከዋናው በር እስከ አገልግሎት መስጫ መስኮቱና እስከ መጸዳጃው ያለውን መንገድ ይፈትሽ። ሁለተኛ፣ መወጣጫና ሊፍት እስኪሟላ ድረስ አገልግሎቱን ወደ ምድር ቤት ማውረድ ይቻላል፤ ተገልጋዩ ወደ ፎቅ መውጣት ካልቻለ ሠራተኛው መውረድ ይችላልና። ሦስተኛ፣ የቀጠሮ ደብዳቤ ላይ የሕንፃው መግቢያ ሁኔታና የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ይገለጽ፤ ከሩቅ ለሚመጣ አካል ጉዳተኛም የማለዳ ሳይሆን የረፋድ ወይም የከሰዓት ቀጠሮ ይሰጥ። አራተኛ፣ የመናኸሪያ አስተዳደሮች ወንበር እንደ ጭነት ተቆጥሮ እንዳይከፈልበት በተራ አስከባሪዎችና በማኅበራት በኩል ግልጽ መመሪያ ያውርዱ። አምስተኛ፣ አዲስ አውቶቡስ ሲገዛ ዝቅተኛ ወለል፣ ተዘርጊ መወጣጫና የወንበር ማሠሪያ ቦታ በጨረታ ሰነዱ ላይ እንደ መመዘኛ ይካተቱ። ተሽከርካሪ አንዴ ከተገዛ በኋላ ለረጅም ዓመታት ስለሚያገለግል በግዥ ዕለት የተሠራ ስህተት የብዙ ዓመት ስህተት ይሆናል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደውና ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማትም የእግረኛ መንገዶችን ስፋትና ጥራት ለማሻሻል ዕድል ከፍቷል። ዕድሉ ለሁሉም የሚበጅ የሚሆነው በየመገናኛው የመንገዱ ጠርዝ ዝቅ ሲል፣ ምሰሶና ተክል የወንበሩን ማለፊያ ሲተው፣ የርክክብ ኮሚቴውም ልኬቱን በሜትር አረጋግጦ ሲቀበል ነው። ከሥራው በኋላ አፍርሶ ማስተካከል በሥራው ወቅት ከማካተት ይልቅ እንደሚወደድ የታወቀ ነው።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚቀለው ጉዞ የማያስፈልግ ጉዞ መሆኑ ሊጤን ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትና ሌሎች የዲጂታል አሠራሮች ማስረጃና ፊርማ ፍለጋ ወደ መዲናዋ መመላለስን ሊያስቀሩ ይችላሉ። ሐኪም ማየትና ፍርድ ቤት መቅረብ ግን በአካል መገኘትን ሊጠይቅ ይችላልና ስድስቱ ማያያዣዎች መጠገናቸው የማይቀር ግዴታ ነው። እስከዚያው ድረስ ከአሰላ በሌሊት ተነሥቶ የመጣ ተገልጋይ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች እንዲያልፍ ማድረግ በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት እጅ ያለ ሥራ ነው።