የንግድ ዓይነት ስለ መምረጥ

ከዕቁብ የደረሰውን ወይም በብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ በአቃቂ አዲስ ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው ዕቃ ያተርፋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጠየቀው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ትክክለኛው አይደለም። ጎረቤት ይጠየቃል፤ ዘመድ ይጠየቃል፤ ገዢው ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። ስለዚህም በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጎን ለጎን ተከፍተው፣ ዓመት ሳይሞላ ኪራዩ ዋናውን ገንዘብ በልቶት አንዱ በሩን ሲዘጋ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሌላው የሚነግደውን መነገድ ይሻላል የሚሉ ሰዎች ማስረጃቸው መርካቶ ነው። በእውነቱም በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሻጮች በአንድ ስፍራ መሰብሰባቸው ጠቅሟቸዋል፤ ገዢው ዋጋ ሊያወዳድር አስቦ ከሩቅ ይመጣልና። አቃቂ ግን መርካቶ አይደለም። ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ስፍራ፣ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባበት ዘመን ጀምሮ ጣቢያ፣ ኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች የተተከሉበት የሠራተኛ ከተማ ሆኖ ያደገ ነው። በዚህ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የጭነት መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ወይም ማሽኑ ሥራ አቁሞበት የመጣ ነው። አንድ ኩሽኔታ ወይም አንድ ቺንጋ ለማስመጣት ሰው ወደ መርካቶ ልኮ ግማሽ ቀን ከሚያጣ፣ ጥቂት ብር ጨምሮ እዚያው መግዛትን ይመርጣል። የአቃቂ ነጋዴ ትርፍ ያለው በዚህ ግማሽ ቀን ውስጥ ነው።

ታዲያ የትኛው ዕቃ እንደሚፈለግ እንዴት ይታወቃል? ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ብቻ ነው። በማናቸውም ሱቅ በየቀኑ «የለም» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ያ ቃል ግን የትም ሳይጻፍ ከገዢው ጋር በበር ይወጣል። የሽያጭ መዝገብ የተሸጠውን ይናገራል እንጂ ተጠይቆ የታጣውን አይናገርም። ሻጩ ቀኑን፣ የተጠየቀውን ዕቃ ከነቁጥሩና ከነመጠኑ፣ የጠያቂውንም ሥራ፣ ሾፌር ይሁን መካኒክ ወይም የፋብሪካ ዕቃ ገዢ፣ በየዕለቱ ቢጽፍ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩ ከዘመድ ሁሉ የተሻለ አማካሪ ይሆነዋል። ገና ሱቅ የሌለው ጀማሪም ቢሆን ለጥቂት ወራት በሌላ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ቢሠራ ወይም በጋራዦች ደጅ እየተዘዋወረ ቢጠይቅ ይህንኑ ያገኛል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀ ውድ ዕቃ እንዳያታልለው መጠንቀቅ አለበት፤ በሳምንት አሥር ጊዜ የሚጠየቅ ብሎን ይበልጠዋል። ብዙ የሚጠይቅም ሁሉ ቶሎ የሚከፍል አይደለም። ፋብሪካ በፕሮፎርማ ይገዛል፤ ገንዘቡ እስኪደርስ ግን አያሌ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሾፌሩ ወዲያው ይከፍላል።

ከፍላጎት ሁሉ የሚያሳስተው በትእዛዝ የመጣ እጥረት ነው። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ባገደ ጊዜ፣ ሽቶና ቸኮላታን የመሳሰሉት ዕቃዎች በመጋዘን ላገኛቸው ሰው ጥሩ ዋጋ አወጡ። እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲነሣ ግን ያ ዋጋ የቆመበት ምክንያት ፈረሰ። በዚያው ወር የምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀና ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ብሎ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ትርፉን በአሮጌው ፋክቱር ያሰላ ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ሲጨርስ በገንዘቡ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ መግዛት አልቻለም። እንግዲህ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ወራት የሚቆይ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ይህንንም አብሮ ማስላት ይገባዋል።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ በተነገረ ጊዜም አንዳንዶች የመለዋወጫ ንግድ አለቀለት ብለው ደመደሙ። ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላና የሞተር ዘይት አይፈልግም፤ ጎማና የፍሬን ሸራ ግን ይፈልጋል። ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪናም ገና ብዙ ዓመት ሲጠገን ይኖራል። በቃሊቲ በኩል የሚያልፈው ከባድ የጭነት መኪና ባሌስትራውን መስበሩን አላቆመም። ይልቅስ አደጋው ያለው የመኪናውን ዓይነት፣ የስሪት ዘመኑንና የዕቃውን ቁጥር ለይቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ንግድ ሲገባ ነው፤ ለማይገጥም ዕቃ ገንዘቡን ያስራልና። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። የጨርቅን ጥራት በእጁ ዳስሶ የሚለይ ሰው ጨርቅ ቢነግድ ይሻለዋል፤ የትርፉ መጠን በወሬ ቢያንስም።

በ2016 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በተወሰነ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ብዙ ካፒታል ያለው ጅምላ ሻጭ በኮንቴይነር እያስመጣ በዋጋ ቢወዳደር ትንሹ ባለ ሱቅ በዋጋ ሊቋቋመው አይችልም። ነገር ግን ያ ጅምላ ሻጭ ቅዳሜ ማታ ለቆመ አንድ የጭነት መኪና አንዲት ኩሽኔታ ለመሸጥ መጋዘኑን አይከፍትም። የአቃቂው ባለ ሱቅ የትኛዋ ኩሽኔታ እንደሆነች ከወዲሁ በደብተሩ ይዟት ከተገኘ፣ ሾፌሩ ከእርሱ ሌላ የሚሄድበት የለውም።