ገድል ስለሚባለው ቃል

ባለፈው ሰሞን በአንድ ወዳጃችን ቤት ለማዕድ ተጋብዘን ሳለን፣ የቤቱ ጌታ ለልጆቻቸው የአርበኞችን ገድል ይተርኩ ነበር። ከልጆቹም ታናሹ «ገድል ለመባል ስንት ሰው መግደል ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀ። ታላላቆቹ ሳቁ፤ እኛ ግን ጥያቄው መልስ የሚገባው ሆኖ ስላገኘነው ዛሬ ጥቂት ቃል ልንጽፍበት ወደድን።

ልጁን ያሳሳተው የአማርኛ ጆሮው ነው። በአማርኛ ገደለ ማለት ነፍስ አጠፋ ማለት ነውና፣ ገድልም የሟቾች ቍጥር መስሎ ተሰማው። ገድል ግን ከግእዝ የመጣ ቃል ነው። ግእዝ ነፍስ ማጥፋትን ሲናገር ቀተለ ይላል፤ ተጋደለ ሲል ግን ታገለ፣ መከራን ታግሦ ጸና ማለቱ ነው። ስለዚህም አባቶቻችን የቅዱሳንን ታሪክ ገድል ብለው ሰየሙት። ገድለ ሐዋርያትን ወይም ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ያነበበ ሰው የሚያገኘው የትዕግሥትን ታሪክ እንጂ የግዳይ ቍጥር አይደለም።

ቃሉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ለአርበኛ ሲሰጥም ይህን ትርጓሜውን ሊያጣ አይገባውም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጠላት ጥይት ሲወድቁ በእጃቸው መሣሪያ አልነበረም፤ ማንንም ሳይገድሉ ገድል ፈጸሙ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ለቍስለኛው ውኃ ያቀረቡ ሴቶችም ጠመንጃ ሳይዙ ከገድሉ ድርሻ አላቸው።

ደግሞ ገድልን ከፉከራ መለየት ያስፈልጋል። ፉከራ ጀግናው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ እርሱም በስፍራው ክብር አለው። ገድል ግን ሌላው የሚመሰክርለት ነው። ተረትም አይደለም፤ ያልተደረገውን የሚጨምርበት ሰው ያከበረ ይመስለዋል እንጂ፣ በእውነት የተደረገውን እንኳ እንዳይታመን ያደርጋል።

ስለዚህ ወላጆች ገድልን ስትተርኩ ማን ስንት ገደለ በማለት ብቻ አትጨርሱ፤ ማን ምን ቻለ፣ ስለ ማንስ ብሎ ቻለ በሉ።

በዚያም ቤት ከማዕድ በኋላ ለታናሹ ልጅ ይህንኑ ብንነግረው፣ ጥቂት አሰበና ወደ አያቱ ዘወር ብሎ «እንግዲያስ እማማም ገድል አላቸው» አለ። እርሳቸውም ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ስድስት ልጆች ብቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።